ሐሺሽ ይፈቀድ ያልኩ ለታ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ፤ እኔ ሐሺሽ ነክቼ አላውቅም። ሲጋራም ቢሆን አልጠጣም። ጎረቤት ሽንኩርት ስታቁላላ ሳል ይዞኝ ደጅ የምወጣ ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ በወረቀት አስፍሬ፣ ፈርሜበት፣ ቲተር አድርጌበት በደረት ኪሴ ይዤ የዞርኩበት ሰሞን ነበር። በዚያ ሰሞን መካነ ሰላም ውስጥ ስሙ ከሐሺሽ ጋር የሚነሣ ሰው ቢፈለግ ከእኔ የሚቀድም አልነበረም።

ሥራዬ ራፖር ጻፊነት ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በቆርቆሮ ዳስ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ለእኔ አንድ ወንበር፣ ለባለጉዳይ አንድ በርጩማ አለኝ። በሙያዬ አልታማም። ጠዋት ለከሳሽ ክስ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ተከሳሹ ያንኑ ክስ ይዞ ይመጣና «መልስ ጻፍልኝ» ይለኛል። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ የጠዋቱን የገዛ እጄን ጽሑፍ አብጠለጥለዋለሁ። «ይህን የጻፈው ሰው ሕግ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም» ብዬ ባለጉዳዩን አጽናንቼ ልኬ አውቃለሁ። አንድ በሬ መሰረቁንም አለመሰረቁንም በአንድ ቀን ጽፌአለሁ። በሬው ራሱ ማንበብ ቢችል የት እንዳለ ግራ ይገባው ነበር።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ስልክ ነው። ወጣቱ በየስልኩ እዚያ አገር ሐሺሽ ተፈቀደ፣ እዚህ አገር ሱቅ ውስጥ ይሸጣል፣ እዚያ ደግሞ ሐኪም በወረቀት ያዝዘዋል የሚል ነገር ሲያይ ይከርምና ጸጉር ቤት ገብቶ ይከራከርበታል። ጸጉራቸው ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ በክርክር ተጣልተው የወጡ ሰዎች በዐይኔ አይቻለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳለ ከመናኸሪያው ጀርባ ሁለት ጎረምሶች ሲያጨሱ ተያዙ ተባለ። ከተማው ታመሰ። አንዱ «ጊዜው አልቋል» ይላል፣ አንዱ «ስልኩን መሰባበር ነው» ይላል፣ ሌላው «እኛም አገር ሊፈቀድ ነው አሉ» ብሎ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ወሬ ይነዛል።

በዚህ ጊዜ ጤና መኮንኑ አንድ ሐሳብ አመጣ። ጤና መኮንኑ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ ላይ የሚቆልፍ፣ ትሑት ልጅ ነው። «ሰውን ሰብስበን መጥፎ ነው መጥፎ ነው ስንለው ይተኛል» አለ። «ክርክር እናድርግ፤ አንዱ ይፈቀድ ይበል፣ አንዱ አይፈቀድ ይበል፣ ሕዝቡ ሰምቶ ይፍረድ።» ሐሳቡ ጥሩ ነበር። «አይፈቀድ» ለማለት ሰው ተሰለፈ። «ይፈቀድ» የሚል ግን በባትሪ ተፈልጎ ጠፋ። መምህሩ ተማሪዎች አሉኝ አለ፤ ጸጉር አስተካካዩ ደንበኞቼን አታሳጡኝ አለ። በመጨረሻ ጤና መኮንኑ የእኔው በርጩማ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ።

«አንተ እኮ ያላመንክበትንም ነገር ትሟገታለህ» አለኝ።

ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ። እሺ አልኩት። ለነገሩ የልቤን ከጠየቃችሁኝ እኔ አይፈቀድ ባይ ነኝ። ግን የልቤን ማን ጠየቀኝ? እኔም ጥሩ ሙግት ፊቴ ላይ ተጥሎ ሳየው እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ክርክሩ ቅዳሜ ነው። እሑድ ደግሞ ሼህ ይመር ቤት ሽማግሌ ልልክ ነው።

ሼህ ይመር የከድጃ አባት ናቸው። ከድጃ ማለት ጅዳ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ አሁን በዋናው መንገድ ላይ የመጋረጃ ሱቅ የከፈተች ልጅ ናት። ቁመቷን፣ ሳቋን፣ የነገር አመላለሷን ልነግራችሁ ብጀምር ወጉ ሌላ ይሆንብናል። ይህን ብቻ ልበላችሁ፤ የእኔ ቤት አንድ መስኮት ነው ያለው፤ እሷን ለመልመድ ብዬ አራት መጋረጃ ገዝቻለሁ። አምስተኛውን ልገዛ ስሄድ «ቤትህን በመጋረጃ ነው እንዴ የሠራኸው?» ብላ ሳቀች፤ ያን ቀን ነው ነገሩ የተጀመረው። አሁን ሁለታችንም ተስማምተን፣ አጎቴ ከአቀስታ በሽምግልና ሊመጣ ተነግሮት፣ የቀረው የአባቷ እሺታ ነው። ሼህ ይመር ደግሞ ሴት ልጃቸው አንድ እሷ ብቻ ናት፤ ሰባት ዓመት ተለይታቸው ኖራ ገና ዐይኗን አይተው አልጠገቡም።

ከድጃ የክርክሩን ነገር ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች።

«እሑድ ሽማግሌ ልትልክ፣ ቅዳሜ ሐሺሽ ይፈቀድ ልትል?»

«ሙያ ነው ከድጃ» አልኳት። «ሐኪም በሽታ ያከመ እንደሆነ በሽታውን ወደደው ማለት አይደለም።»

«ሐኪም በሽታው ይፈቀድ አይልም» አለችኝ።

ይቺን መልስ ሳስባት ዛሬም ታስቀናኛለች። ያኔ ግን «አብሽሪ፣ በሁለት ቀን ሁለቱንም ረትቼ አሳይሻለሁ» አልኳት። በራሴ ላይ ያለኝ እምነት እኮ አንዳንዴ እኔንም ያስደነግጠኛል።

ሐሙስ ለታ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ባጃጅ ከተማውን ሊዞር ወጣ። ጤና መኮንኑ ለባለባጃጁ ጥሩ ማስታወቂያ ጽፎ ሰጥቶታል፤ «በካናቢስ ሕጋዊነት ዙሪያ በሚደረገው ትምህርታዊ ክርክር፣ ለክርክሩ ሚዛን ሲባል ብቻ፣ ይፈቀድ የሚለውን ወገን ወክለው…» እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ዙር ባለባጃጁ በደንብ አነበበው። በሁለተኛው ዙር ረዘመበት መሰለኝ «ሐሺሽ ይፈቀድ የሚሉት ራፖር ጻፊ ቅዳሜ ይናገራሉ!» አለ። መናኸሪያው ጋ ሲደርስ እቅጩን፣ «ሐሺሽ! ቅዳሜ! ራፖር ጻፊው ጋ!»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ተራ በተራ መጥተው ጎንበስ ብለው «ወንድም፣ ዕቃው አለ?» አሉኝ። አንደኛውን የውርስ ማመልከቻ የፈለገ መስሎኝ «የሟችን ስም ንገረኝ» ስለው ፊቱ ተለዋውጦ ሮጠ። ከወግዲ የመሬት ጉዳይ ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው፣ ጥርሴን አዩ፣ ዐይኔን አዩ፣ መቅላቱን አጣሩና «አላህ ይመልስህ ልጄ» ብለው ወደ ሌላው ራፖር ጻፊ ሄዱ። ዐይኔ እንኳን የቀላው በአቧራ ነበር።

ወሬው ሼህ ይመር ጆሮ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሌላ አባት ቢሆን በሩን ይዘጋ ነበር። እሳቸው ግን ለከድጃ «በሰው አፍ ሰው ላይ አልፈርድም፤ ቅዳሜ ሄጄ በጆሮዬ እሰማዋለሁ» አሏት። እሷ ይህን ስትነግረኝ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። አያችሁልኝ የገባሁበትን? በደንብ ከተሟገትኩ ሚስት የለም። እንደነገሩ ከተሟገትኩ ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት ተሸንፌ ሰኞ በርጩማዬ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው? ዓርብን ሙሉ አሰብኩበትና ማታ ላይ መፍትሔው ተገለጠልኝ። በጣም በደንብ እሟገታለሁ፤ ሼህ ይመርም «እንዲህ ያለ አንደበት ያለው ሰው ልጄን ማንም አይነካበትም» ብለው ይደሰታሉ። እንዲህ ነው የኔ አስተሳሰብ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ወንበር ያጣው ሰው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። የፖሊስ ኢንስፔክተሩ ከፊት ረድፍ ማስታወሻ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሼህ ይመር ከግራ በኩል ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከድጃ ከሴቶቹ መሐል። አጎቴ ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ ከአቀስታ ገብቶ ኖሮ ሁለት ጋቢ እንደ ደረበ ከኋላ ቆሟል። የአቀስታን ብርድ ያየ ሰው ለምን ሁለት እንደሚደርብ አይጠይቀውም።

ኢንስፔክተሩ በመክፈቻው «ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዕፀ ፋሪስ ነው» አሉ። ሐሺሽን በመጽሐፍ ስሙ መጥራታቸው ነበር። አንዲት እናት ወዲያው እጃቸውን አወጡ። እኛ ዘንድ እኮ ዕፀ ፋሪስ የሚባለው አስተናግር ነው፤ በየአጥሩ ሥር ራሱ የሚበቅለው፣ የቀመሰውን ሰው ሲያስቀባጥረው የሚውለው።

«እኔ ጓሮ ሞልቷል» አሉ ሴትየዋ። «ወላሂ አልዘራሁትም! ፍየሏም አትበላው! ልታሰር ነው እንዴ?»

እሳቸውን ለማረጋጋት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከተረጋጉ በኋላም «ለማንኛውም ዛሬውኑ እነቅለዋለሁ» ብለው ወጡ፤ አራት አምስት ሰውም ተከትሏቸው ወጣ። የሰው ጓሮ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?

ጤና መኮንኑ ቀደመ። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ተናገረ። ገና ያልበሰለ የወጣት አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ አንዳንዱ ሰው ጭራሽ ከራሱ ጋር እየተጣላ እንደሚቀር፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ቀስ በቀስ መሄዱን እንደሚተው ነገረን። እኔም ሳላስበው ራሴን እነቀንቅለት ነበር። አጎቴ ከኋላ «ያንተ ወገን የትኛው ነው?» ብሎ ሲጮህ ነው ያቆምኩት።

ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ሳልኩ፤ ኮሌታዬን አስተካከልኩ።

«ክቡራን ታዳሚዎች! ከልክለነዋል። ጠፋ ወይ? አልጠፋም፤ ተደበቀ እንጂ። ብንፈቅደው ማን እንደሚሸጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ የገዛው ሰው ዕድሜው ስንት እንደሆነ እናውቅ ነበር። ሕመም የጠናበት ሰው ሐኪም አዝዞለት ሕመሙን ቢያስታግሥበት ምናችን ይጎድላል? ደግሞስ አንድ ጎረምሳ ጅል ሆኖ አንድ ቀን ቢቀምስ፣ እሥር ቤት ገብቶ ቢወጣ፣ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ማን ልጁን ይድርለታል? ሐሺሹ ካደረሰበት ይልቅ እሥሩ ያደረሰበት አይበልጥም ወይ?»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፊቷን በሻሽ የሸፈነች አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ከተያዙት ከሁለቱ ልጆች የአንዱ እናት ነበረች። ለሙያ ብዬ ያወጣሁት ቃል እሷ ጋ እንዲህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እዚያ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ነገር ባልነበረ።

እኔ ግን ቀጠልኩ። «ጫትስ ተፈቅዶ የለም እንዴ? አረቄስ? ጫት የያዘ ሰው ሽንጡን ገትሮ ሐሺሽን ያወግዛል?» ብዬ አፌን ሞልቼ ስናገር ዐይኔ ሼህ ይመር ላይ አረፈ። ሼህ ይመር ዱዓ ላይ ጫት እንደሚይዙ የማያውቅ የለም። ምርኩዛቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩት። አጎቴ ከኋላ «ያረቢ» ሲል ሰማሁት።

ጤና መኮንኑ ቀስ ብሎ ተነሣና «ሁለቱን መቆጣጠር ካቃተን ሦስተኛ እንጨምርበት ነው የሚሉን?» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጸጉር አስተካካዩ አጋጣሚውን አገኘና «ሐሺሻም!» ብሎ ጮኸብኝ። ሌላው ተቀበለው። በየመስኮቱ «ሐሺሻም! ሐሺሻም!» ሆነ። በዚህ መሐል ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሰው ብድግ አለች። ከድጃ ናት።

«ምን ሆናችኋል?» አለች። ድምጿ ማይክሮፎን አይፈልግም። «ሐሺሽ የሚል ቃል በሰማችሁ ቁጥር ሸይጧን ያያችሁ ይመስል ትዘላላችሁ! ቃሉ ምን አደረጋችሁ? እኔ ጅዳ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ሐሺሽ ሳጠጣ ነው የኖርኩት! ምን ሆንኩ? ይኸው ቆሜአለሁ!»

እኛ አገር ሲጋራ ይጠጣል ነው የሚባለው። ስለዚህ ሐሺሽ አጠጣሁ ያለች ሴት ምን እንዳለች ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ኢንስፔክተሩ ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ።

«የት ነው ያጠጣሽው?» አሉ።

«ማዳሜ ግቢ ውስጥ ነዋ!»

«ባልየውስ ያውቅ ነበር?»

«ባባ? ራሱም ዓርብ ዓርብ ያጠጣ ነበር እንጂ። ሐሳብ ይቀልልኛል ይላል።»

«ልጆች አሉበት ቤቱ?»

«አራት! ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ሲንከባለሉ ነው የሚውሉት። አንዳንዴ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች አንዲት ሴት።

«ከየት ነው የሚያመጡት?»

«ምን ያመጡታል፣ እዚያው ይበቅላል! ሲያድግ በማሽን አጭደዋለሁ። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ እንዳይደርቅ ሦስቴም አጠጣው ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ገጽ ገለጡ። ከድጃ ግራ ገብቷት ታየኛለች። አሁን ሳስበው ነገሩን ሁሉም ሰው የተረዳው መስሏት ነበር። እኔ ግን ዐረብኛዬ ከፋቲሓ አያልፍም፤ ክው ብዬ ቀረሁ። ወዲያው ደግሞ ሙያዬ ቀሰቀሰኝ። የማፈቅራት ልጅ ፖሊስ ፊት ቃሏን እየሰጠች እኔ ቆሜ ልመልከት?

«የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አለኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አንደኛ» አልኩ፣ ጣቴን አውጥቼ፣ «ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለው ባሕር ማዶ በመሆኑ ይህ አዳራሽ የማየት ሥልጣን የለውም! ሁለተኛ፣ የፈጸመችው በአሠሪዋ ትእዛዝ ነው። ሦስተኛ፣ ከዚህ ቀደም ጥፋት የለባትም። አራተኛ፣ ቤተሰቧን የምትረዳ፣ ተጸጽታ ወደ አገሯ የተመለሰች፣ አሁን በመጋረጃ ሥራ ሕጋዊ ኑሮ የምትኖር በመሆኗ ቅጣቱ እንዲቀልላት…»

በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ የቅጣት ማቅለያ ተናግሬ አላውቅም። ሁለት ሰው አለቀሰ። አጎቴ ራሱ በጋቢው ጫፍ ዐይኑን ጠረገ። እኔም ረታሁ ብዬ ወደ ከድጃ ዞርኩ።

ፊቷ ተለውጧል። ቀስ ብሎ ነው የገባት፤ ሰዉ ምን እንዳሰበ፣ ኢንስፔክተሩ ምን እንደሚጽፉ፣ እኔ ምን እየለመንኩላት እንደሆነ።

«አንተም?» አለች።

ሼህ ይመር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ኢንስፔክተር፣ አፉ ይበሉኝና ያ ብዕር ይመለስ» አሉ። «ሐሺሽ በዐረብኛ ሣር ነው። ደረሳ ሳለሁ ስለ ሐጅ ስንቀራ፣ የሐረምን ሐሺሽ መቁረጥ ክልክል ነው ብለው ሸሆቹ አስተምረውናል። ሐረም ማለት መካ ነው። መካ ላይ እናንተ የምታስቡትን ማን ይዘራል? ሣር ነው! ልጄ የሰው ግቢ ሣር ውሃ ስታጠጣ ነው ሰባት ዓመት የኖረችው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንስፔክተሩም ገጹን ቀደው ኪሳቸው ከተው ከሁሉ በላይ ሳቁ። ሼህ ይመር ግን አልተቀመጡም። «እኔ ጓሮ የተከልኩት ጎመን ውሃ አጥቶ ሲደርቅ፣ እሷ የሰው ሣር ታጠጣ ነበር» አሉ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። እዚያ ከተቀመጠው ሰው መሐል ልጁ ወይ እህቱ ዐረብ አገር የሌለች ጥቂት ነው። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ቅድም ውይ በሞትኩት ያለችውም ሻሽዋን አፏ ላይ ያዘች።

ከድጃ በጎን በር ወጣች።

ልብ ያለው ሰው ቢሆን ተከትሏት ይወጣ ነበር። እኔ ግን ሁለት ደቂቃ የማጠቃለያ ንግግር ይቀረኝ ነበርና ንግግሬን አደረግሁ። ምን ትሉኛላችሁ? ጊዜዬ ነበር፤ ሕጉ ይፈቅድልኛል። ስጨርስ ጤና መኮንኑ «ይፈቀድ የምትሉ እጅ አውጡ» አለ። አንድ እጅ ወጣ። አጎቴ ነበር፤ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። «አይፈቀድ» ሲባል የእኔም እጅ ሳላዘው ወጣ። በዚህ ብቻ ነው ያን ቀን እውነት የተናገርኩት።

ከአዳራሹ ስወጣ ሼህ ይመር በር ላይ ጠብቀውኛል። ስለ ጫቱ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ መልሱም ነበረኝ።

«የተናገርከው ሙግት ነው፤ እሱን አልቆጠርኩብህም» አሉኝ። «ያቺን እናት ያጽናናህበትንም ሰምቻለሁ። ግን ልጄን አንድ ቃል ሳትጠይቃት ላላጠፋችው ምሕረት ለመንክላት። እኔ እሷን ወልጄ ስለማውቃት አልደነገጥኩም። አንተ ደነገጥክ።»

«እርስዎ ዐረብኛውን ስለሚያውቁት እኮ ነው» አልኳቸው።

«ዐረብኛውን ባላውቀውስ?» ብለው ሄዱ።

ሱቋ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ከድጃ የሰው መጋረጃ ጠርዝ እየቆረጠች ነው። ቀና አላለችም። በመንገድ ላይ ስድስት ነጥብ ያለው መከላከያ አዘጋጅቼ ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ ሁሉንም ተውኩት።

«አጠፋሁ» አልኳት።

«ጅዳ ዕቃ ሲጠፋ» አለች፣ ከጨርቁ ላይ ዐይኗን ሳትነቅል፣ «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቀለበት ጠፋ፣ ወስደሻል ወይ አይሉኝም፤ አምጪ ነው የሚሉኝ። በኋላ ከሶፋው ሥር ይገኛል። ሲገኝም ይቅርታ የለም። ሰባት ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። አገሬ ገብቼ የኔ የምለው ሰው ሲኖረኝ፣ ሰው ሁሉ ሲፈርድብኝ እሱ ግን እንዴት ነው ነገሩ ከድጃ ይለኛል ብዬ ነበር።»

እንዲህ ዓይነት ክስ ቀርቦብኝ አያውቅም፤ አንድ ቃል የሚስተባበል የለበትም።

«ነገ ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ» አለች። «አባቴ ያንቺ ፈቃድ ይሁን ብሎኛል። እኔ ነኝ ያልፈቀድኩት።»

አጎቴን አሰብኩት። ከአቀስታ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ አዲስ ጥምጣም ገዝቶ፣ ነገ ምን እንደሚል ሲለማመድ የሰነበተውን ሰው። ከእሱ ይልቅ ግን ራሴን አሰብኩት። ልወጣ ዞርኩ። በሩ ጋ ስደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ በዚህች ልጅ ሱቅ ስመላለስ ያን ሁሉ ጊዜ ያወራሁት ስለ ራሴ ነው። ስለ ረታሁት ክስ፣ ስለ ጻፍኩት መልስ። ሰባት ዓመቷን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ተመልሼ ጥቅል ጨርቁ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልትሟገት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። ልጠይቅሽ ነው። ጅዳ ስንት ሰዓት ነበር የምትነሺው?»

እያሾፍኩ እንደሆነ ለማየት ፊቴን አየችው። ብዙ አየችው።

«አሥር ሰዓት» አለች። «ሱብሒ ሳይደርስ። ያኔ ብቻ ነው ስልክ የሚሰጡኝ። ለእናቴ ድምፅ ቀድቼ እልክላታለሁ።»

«ምን ትያት ነበር?»

«ምን እላታለሁ፣ ደህና ነኝ ነዋ።»

«ደህና ነበርሽ?»

ከድጃ የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጨርቁን አጠፈችና በርጩማ ስባ ከፊቴ ተቀመጠች።